«የእኛ ፕሮፌሰር» እና አሥር ሚሊ ሜትር

በጁን 2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ለማሽላ አዳቃዩ ለፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ እንደሚሰጥ ሲነገር ከየአቅጣጫው የተሰማው ቃል አንድ ነበር፦ «የእኛ»። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሰውየው የእኛ፣ ሽልማቱ የእኛ፣ ክብሩ የእኛ። በኦክቶበር 2023 የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ዋይት ሐውስ ውስጥ ሲቀበሉም ያው ቃል ተመልሶ መጣ። ዘር ከልጓም ይስባል ይባል የለ፤ በቃሉ ቅር አይለኝም። የከነከነኝ ሌላ ነው። በዚያ ሁሉ የደስታ መልእክት ውስጥ «አቀንጭራ» የሚል ቃል፣ ሰውየው የታገሉትን የማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጥ አረም ስም፣ ፈልጌ የማገኘው አልፎ አልፎ ነበር። ሠርግ ደግሶ የሙሽራዋን ስም እንደ መርሳት ነው።

አንድ ዩኒቨርሲቲ «የእኛ» ሲል ምኑን ነው የእኔ የሚለው? ሰውየውን? ደመወዝ የከፈለበትን ዘመን? ወይስ ሥራውን? ሥራውን ከሆነ ሥራው ምን እንደሆነ መናገር መቻል አለበት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው፤ ደግሞም የሚጥመው።

ስንት «የእኛ» አለ?

እስቲ ባለመብቶቹን እንቁጠር። ጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ገና በልጅነታቸው አስተምሯቸዋል። በ1973 ከአለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተመረቁ፤ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። ግን አለማያ ያኔ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ስለነበር፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም መዝገብ አገላብጦ «የእኔም ናቸው» ቢል አይፈረድበትም። አለማያም ጅማም ሲቋቋሙ ያገዘው ደግሞ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ዶክትሬታቸውን በ1978 የሰጣቸው በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ያለው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ ሱዳን ውስጥ የሠሩት ለኢክሪሳት ነው፤ በደረቅ ቆላ ሰብሎች ላይ ለሚሠራው ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም። ፐርዱ በመምህርነት የወሰዳቸው በ1984 ነው፤ ሽልማቱ ሲመጣ ያገኛቸውም እዚያው ነው።

የዩኒቨርሲቲ አስተዳደሮች ይህን ሁሉ የሚያጣጥፉበት ዘዴ አላቸው። በሻንጋይ የዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ ከመቶው 20 የሚሰጠው ተሸላሚ መምህራን ላሏቸው ነው፤ 10 ደግሞ ተሸላሚ ላስመረቁ። «መምህር» የሚባለው ሽልማቱን ሲያገኝ እዚያ ይሠራ የነበረው ብቻ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ሌላ ቦታ ከነበረ ያኛው ቦታ በዚህ ረድፍ ምንም አያገኝም። የሚቆጠሩት ሽልማቶችም የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የሕክምናና የኢኮኖሚክስ ኖቤሎች፣ ከእነሱ ሌላ ለሒሳብ የሚሰጠው የፊልድስ ሜዳሊያ ናቸው። እርሻ የለበትም። ስለዚህ የዓለም የምግብ ሽልማት በዚህ መዝገብ ለፐርዱም ለሐረማያም ያው ዜሮ ነው። መጀመሪያውኑ ሽልማቱ የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ አሜሪካዊው አዳቃይ ኖርማን ቦርላግ በስንዴ ሥራቸው በ1970 የተሸለሙት የሰላም ኖቤልን ነው፣ ለእርሻ የሚሆን ሌላ ረድፍ አልነበረማ። በ1986 ለእርሻና ለምግብ የሚሰጠውን ሽልማት መሠረቱ። የገቢሳ ስም ከተነገረ በኋላ፣ የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ሳይደርስ፣ ቦርላግ በሴፕቴምበር 2009 አረፉ።

የደረጃው መዝገብ አንድ ክፉ ልማድ ያስተምራል፦ ሽልማቱን ስልኩ በጮኸበት ቀን መለካት። የሽልማት ሥራ ግን ስልኩ ከመጮኹ ሃያና ሠላሳ ዓመት ቀድሞ ነው የሚጀመረው። ብዙ ጊዜም ሌላ ቦታ።

ሐጂን ዱራ

የገቢሳ ሽልማት ሁለት እግር አለው። የመጀመሪያው ሐጂን ዱራ-1 ነው፤ ሐጂን በዓረብኛ ድቅል፣ ዱራ ማሽላ። ሱዳን ውስጥ ተሠርቶ በ1983 ለገበሬ ተለቀቀ። ልብ በሉ፣ ፐርዱ ሰውየውን የቀጠረው ከዚህ በኋላ ነው። በገበሬ ማሳ ላይ በተደረጉት ሙከራዎች ምርቱ ከነባሩ ማሽላ በግማሽ እስከ እጥፍ በልጧል።

ስለ ድቅል ማሽላ የማያውቅ ሰው ችግሩ ዝርያውን ማግኘቱ ላይ ብቻ ይመስለዋል። የበለጠው ችግር ግን ዘሩን በየዓመቱ መሥራቱ ነው። በቆሎ ወንዴውን በጫፉ፣ ሴቴውን በጎኑ ስለሚይዝ ጫፉን ቆርጦ ማዳቀል ይቻላል። ማሽላ ግን በአንድ ዛላ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች አሉት፤ እያንዳንዷም ወንዴና ሴቴ አንድ ላይ ይዛለች። በእጅ ልለየው ቢሉ ዕድሜ አይበቃም። መላው በተፈጥሮ የአበባ ዱቄቱ የመከነ መስመር መጠቀም ነው። ስለዚህ ሦስት መስመር ያስፈልጋል፦ የመከነችው እናት፣ እናቲቱን ራሷን ለማራባት የምታገለግል ዱቄቷ ደህና የሆነ መንትያዋ፣ እና ለልጆቹ ዱቄት የማምረት አቅም የሚመልሰው አባት። ለሐጂን ዱራ እናት የሆነችው ከቴክሳስ የመጣች መስመር ነበረች።

የሚበላሸውም እዚህ ነው። እናትና አባት በአንድ ሰሞን ካላበቡ ዛላው ባዶ ይቀራል፤ ስለዚህ ዘግይቶ የሚያብበው ቀድሞ መዘራት አለበት። በቅርብ ርቀት ሌላ ማሽላ ወይም ሜዳ ላይ የበቀለ የማሽላ ዘመድ ካለ ዱቄቱ ይገባና ዘሩን ያበላሸዋል፤ ማሳውን ቢያንስ በመቶዎች ሜትር ማራቅ ግድ ነው። ከእናት ረድፍ መሀል ዱቄት የምታፈስ አንዲት አገዳ ብትገኝ ማለዳ ሳይሞቅ መነቀል አለባት። ገበሬው ደግሞ ከድቅሉ ምርት ለከርሞ ዘር ካስቀረ ማሳው ላይ ረጅምና አጭር፣ ቀዳሚና ኋለኛ ተቀላቅሎ ይበቅልበታል፤ የድቅልነቱ ጉልበትም ይከዳዋል። ስለዚህ ሐጂን ዱራ ሰው እጅ የደረሰው ዘር አባዢ ስለተገኘ፣ ማሳ ጠባቂ ስለተገኘ፣ መርማሪ ስለተገኘ ነው። እስከ 1999 ድረስ በሱዳን አንድ ሚሊዮን ኤከር ያህል ታጭዷል። የዚህ ኩራት ቢካፈል ለየትኛውም ዩኒቨርሲቲ የሚደርሰው ቁራጭ ትንሽ ነው።

ሥሩ የሚናገረው

ሁለተኛው እግር አቀንጭራ ነው። ነገሩ ሁሉ የዞረበትን ቅጽበት ያገኘሁት እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የአቀንጭራ ዘር ርዝመቱ ከሚሊ ሜትር ሲሦ አይበልጥም፤ መዳፍ ላይ ቢያፈሱት ትቢያ ነው። አንዷ አረም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትጥላለች። አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ይጠብቃል። ዝናብ ስለመጣ ብቻ አይበቅልም። መጀመሪያ ሙቀትና እርጥበት ባለበት አንድ ሁለት ሳምንት መሰንበት አለበት። ከዚያ በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ የማሽላ ሥር ማለፉን የሚነግረው ኬሚካል ይጠብቃል፤ ስትራይጎላክቶን ይባላል። ምልክቱን ሲያገኝ ብቻ ቀጭን ሥር ይልካል። በጥቂት ቀናት ውስጥ አስተናጋጁ ላይ ካልተጣበቀ ስንቁ አልቆ ይሞታል። ከተጣበቀ የውሃውን ቧንቧ በስቶ ይገባና ውሃውንም ማዕድኑንም ስኳሩንም ይጠጣል። ሐምራዊ አበባው ከመሬት በላይ ሲታይ ከወር በላይ ሲጋጥ ከርሟል። ገበሬው ያኔ ቢነቅለው ዓላማው ለከርሞ ዘር እንዳይጥል ነው እንጂ የዘንድሮው ጉዳት አልፏል።

ማሽላው ለምን ጠላቱን ይጠራል? እኔን ከሁሉ የገረመኝ ይሄ ነው። ኬሚካሉን የሚረጨው ለአቀንጭራ ብሎ አይደለም። ፎስፈረስ አምጥተው የሚሰጡትን የአፈር ፈንገሶች ለመጥራት ነው። አፈሩ በደኸየ ቁጥር ጥሪው ይበረታል፤ ጥሪው በበረታ ቁጥር አቀንጭራ ይሰማል። የደሃ ገበሬ ማሳ በአረሙ የሚከፋው በዕድል አይደለም።

እንግዲህ አዳቃዩ የሚቋቋም ማሽላ ፍለጋ ማሳ ላይ ወጣ እንበል። አቀንጭራ በማሳ ላይ እኩል አይበተንም፤ እዚህ ጥቅጥቅ ይላል፣ ሁለት እርምጃ አልፎ የለም። ሳይነካ የቆመው ማሽላ ተቋቁሞ ነው ወይስ ዘሩ ያልነበረበት ቦታ ላይ በቅሎ? አይታወቅም። በዓመቱ ሲደገም የዝናቡ ሁኔታ ይለወጥና ውጤቱ ይገለበጣል። አዳቃዮች ለብዙ ዓመታት የተቸገሩት በዚህ ነው።

ገቢሳና ባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ከባልደረቦቻቸው ጋር ጥያቄውን አዞሩት። «የትኛው ማሽላ ተረፈ?» የሚለውን ትተው «የትኛው ሥር ምን ይላል?» አሉ። ለዚህም አንድ ክብ ጠፍጣፋ ሳህን፣ ፔትሪ ዲሽ፣ በቃቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የታወቀው ዘዴ እንዲህ ነው። የአቀንጭራው ዘር ታጥቦ ከሻጋታ ይጸዳል፤ እርጥብና ሙቅ ቦታ ይሰነብታል። ሳህኑ ላይ ይንጠባጠብና ለብ ያለ የአጋር (ሲበርድ እንደ ጄሊ የሚረጋ ነገር) ፈሳሽ ይፈስበታል፤ ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 0.7 ግራም ያህል አጋር፣ ሥር ሊያልፍበት እንዲችል ስስ ሆኖ። ሳይረጋ በፊት ትናንት የበቀለች አንዲት የማሽላ ፍሬ ዳር ላይ ትጠልቃለች፣ የሥሯ ጫፍ ወደ ማዶ እያየ። በ28 ዲግሪ አካባቢ ጨለማ ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ቀን።

ከዚያ ሳህኑ ይገለበጥና በታቹ በኩል በማጉሊያ ይታያል። የማሽላው ሥር ነጭ መስመር ሆኖ ሳህኑን አቋርጧል። ግራና ቀኙ ቡናማ ነጥቦች፤ አንዳንዶቹ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ጭራ አውጥተዋል። ጭራ ካወጡት ውስጥ ከሥሩ በጣም የራቀችው ትመረጥና ርቀቷ በማስመሪያ ይለካል። ጥሪው ከፍ ባለው ማሽላ ሁለት ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ከአሥር ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ያ ማሽላ ብዙ አይጣራም ማለት ነው። የማሳው የዓመታት ግርግር ወደ አንዲት ቁጥር ወረደ።

ሳህኑም ያታልላል። ዘሩ በቂ ጊዜ ካልሰነበተ ምንም አይበቅልም፤ ያኔ ሁሉም ማሽላ ጀግና ይመስላል። አጋሩ ትኩስ እያለ ከፈሰሰም እንደዚሁ። ስለዚህ በየዙሩ ተጠቂነቱ የታወቀ ማሽላ በማነጻጸሪያነት መግባት አለበት፤ እሱ ሳህን ላይ ምንም ካልበቀለ የቀኑ ንባብ በሙሉ ይጣላል። ደግሞ በሌላ መንገድ የሚቋቋም ማሽላ አለ፦ አቀንጭራው ከተጣበቀ በኋላ ዙሪያውን የራሱን ሴሎች ገድሎ የሚያስርበው። እሱን ይህ ሳህን አያየውም፤ ሌላ ፈተና ይፈልጋል።

ኤስአርኤን39 የተባለው መስመር በሳህኑ ጸጥተኛ ሆኖ ተገኘ። በ1996 ባሕርይው የሚወረሰው በአንድ ዘረ መል መሆኑን አሳዩ። በ2017 የፐርዱ ቡድን ዘረ መሉን ራሱን ለይቶ አወጣው፤ ያኔ የቆየው ግምት ተስተካከለ። ሥሩ ለካ ዝም አላለም፤ የሚረጨው ኬሚካል ዓይነቱ ተለውጦ ነበር፣ አቀንጭራ ብዙም ወደማይሰማው ዓይነት። ቋንቋ ቀየረ እንጂ አልተዳፈነም። ከሽልማቱ ስምንት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሽልማት የሥራ ማብቂያ አይደለም።

ኢንዲያና ላይ የማይበቅል

አቀንጭራ በአሜሪካ በሕግ የተከለለ አረም ነው። በ1956 በካሮላይናዎች አንድ ዓይነቱ ሲገኝ መንግሥት ለማጥፋት ዘመቻ ከፍቶበታል። ኢንዲያና ውስጥ ክፍት ማሳ ላይ አቀንጭራ ዘርቶ ማሽላ መፈተን አይታሰብም። እንግዲህ ፐርዱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሥራው ሳህኑ ላይ ያበቃ ነበር። ቀሪውን ግማሽ የጨረሰው የአፍሪካ አፈር ነው፤ እውነተኛው አቀንጭራ ያለበት።

በ1994 ስምንት ቶን ዘር ኢትዮጵያንና ሱዳንን ጨምሮ ለብዙ የአፍሪካ አገሮች ተሰራጨ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከዚህ ሥራ የወጡት ጎብዬና አብሽር ለገበሬ ተለቀቁ። እዚህም ዘር ብቻውን አልበቃም። ማሳው በአቀንጭራ ዘር የተሞላ ከሆነ ጥቂት የሚጣራ ሥርም ጥቂቶችን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ከዝርያው ጋር ማዳበሪያ ተደረገ፣ ጥሪውን የሚያበረታው የአፈሩ ድህነት ነውና። ከትልም ትልም ያለው ቦይም በየርቀቱ በአፈር ተዘጋ፣ ዝናቡ ሳይሮጥ እዚያው እንዲሰርግ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ለውጡ የሚታየው። ድር ቢያብር የሚባለው እዚህ ላይ ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ አንዱን ያጓደለ ማሳ ያሳብቃል።

መግለጫው ላይ ያልገቡት

የዩኒቨርሲቲ የደስታ መግለጫ የሚጽፍ ሰው ሁለት ስሕተት ይቀናዋል። አንዱ «ፈለሰፈ» ወይም «አገኘ» የሚለው ግሥ ነው። ዝርያ አይፈለሰፍም፤ ይመረጣል፣ ይዳቀላል፣ በየማሳው ይፈተናል፣ ይጣላል፣ እንደገና ይጀመራል። ሌላው ነጠላ ቁጥር ነው። ሽልማቱ ለአንድ ሰው ስለተሰጠ ሥራውም የአንድ ሰው ይመስላል። ላሪ በትለር ሽልማቱን ሳያዩ አርፈዋል። ገቢሳን ወደ ፐርዱ የወሰዱት ጆን አክስቴልም እንደዚሁ። በ1992 ለኒጀር የወጣው ኤንኤዲ-1 የተባለው ድቅል ገቢሳ ከአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪያቸው ጋር የሠሩት ነው። ሳህን ገልብጦ ሚሊ ሜትር የሚለካውም አብዛኛውን ጊዜ ፕሮፌሰሩ አይደለም፤ ተማሪውና የላቦራቶሪ ሠራተኛው ነው። በበዓሉ ቀን የእነሱን ስም ጮክ ብሎ ማንበብ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ዩኒቨርሲቲን በኩራቱ የምመዝነው በዚያች አሥር ደቂቃ ነው።

አክስቴል ወደ ኢትዮጵያ ማሽላ የተሳቡበት ምክንያትም መነገር አለበት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እሳቸውና ባልደረባቸው ላይሲን የበዛበት ማሽላ ፍለጋ ከ9000 በላይ ናሙና መረመሩ። ላይሲን ሰውነት ራሱ የማይሠራው የፕሮቲን ክፍል ነው፤ ማሽላ ደግሞ በጣም ያንሰዋል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የተሳካላቸው ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ። አክስቴል ወጣቱን ምሩቅ ገቢሳን ያገኙት በዚያው ሰሞን ነው፤ ማሽላ እንዲሰበስብ ጋበዙት።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንላለን፤ የወሎ ገበሬ ግን በዚህ አይታማም። ፍሬው የተጨማደደ፣ ውስጡ ዱቄታም፣ ምርቱ አነስተኛ ቢሆንም፣ ይህን ላይሲን የበዛበትን ማሽላ ከሌላው ጋር ደባልቆ ይዘራው ነበር፤ እሸቱን ጠብሶ ለመብላት። ላቦራቶሪው ላይሲኑን ከመለካቱ በፊት አንድ ሰው አላምጦ ስም አውጥቶለታል፦ ወተት በጉንጬ።